ያልታጠበ እንቁላል

ጋሽ ነጂብ መሞታቸውን የሰማሁት ሂርማታ ገበያ ቁጢጥ ብዬ እንቁላል ስመርጥ ነው። ሻጯ ልጅ እግር ናት። እንቁላሎቿን በእርጥብ ጨርቅ ወልውላ፣ አብረቅርቃ፣ ሰፌድ ላይ ደርድራቸዋለች። እኔ ደግሞ የፈለግሁት ከጀርባዋ ቅርጫት ውስጥ የቀሩትን፣ ገለባ የተጣበቀባቸውን፣ ኩስ ነካ ያደረጋቸውን ነበር።

«ማሎ እትዬ፣ ንጹሁ እያለ ቆሻሻውን?» አለችኝ።

«አዎ፣ ቆሻሻውን።»

ኦሮምኛ የማልሰማ መስሏት ለጎረቤቷ «አሮጊቷ ዓይኗ አያይም መሰለኝ» አለቻት። እዚሁ ጅማ ተወልጄ፣ እዚሁ አርጅቼ፣ ዓይኔም ጆሮዬም ደህና ናቸው። ልመልስላት አፌን ስከፍት ስልኬ ጮኸ። የጋሽ ነጂብ ልጅ ሰሚራ ናት። «እትዬ አስናቀች፣ አባዬ...» አለችና ቀጣዩን ለቅሶዋ ዋጠው።

ያቺ ሻጭ ምን እንዳሰበች አላውቅም፤ ቆሻሻ እንቁላል በሁለት እጇ ይዛ የምታለቅስ ሴት በየቀኑ አታይም። ቆሻሻ እንቁላል መምረጥ ያስተማሩኝ እሳቸው ነበሩ።

ከጅማ ወጣ ብሎ ሰርቦ ላይ አንድ ትምህርት ቤት አብረን አስተምረናል፤ እሳቸው ባዮሎጂ፣ እኔ አማርኛ። ቀጭን፣ ረጅም፣ አንገታቸውን ወደፊት ሰበቅ የሚያደርጉ ሰው ነበሩ። ነጭ ቆባቸው ሁልጊዜ ንጹሕ ነው፤ ካፖርታቸው ላይ ግን አንድ ላባ ሳይገኝ የዋለበትን ቀን አላስታውስም። የቡና ነጋዴ ልጅ ናቸው። አባታቸው ሱቁን እንዲረከቧቸው ፈልገው ነበር፤ እሳቸው ዶሮ መረጡ። «አባቴ እስኪሞት ድረስ አንድ ልጄ ታሟል ነበር የሚለው» ብለው ራሳቸው ይስቁ ነበር።

ከቤተ ሙከራው ጀርባ ዶሮዎች ያረባሉ፣ ለትምህርት መርጃ ነው እያሉ። እሳቸው ግን እንደ መርጃ ሳይሆን እንደ ቤተ ዘመድ ነበር የያዟቸው። አንዷን ቁጡ ዶሮ «ዩኒት ሊደሯ» ብለው ሰይመዋት፣ እውነተኛው ዩኒት ሊደር ለአንድ ሴሚስተር አኩርፏቸዋል። ሌላዋ ጠዋት ረፈድ ሲል ሳታዛንፍ የምትጥል ቀይ ዶሮ ነበረች፤ እሷን «ባለሰዓቷ» ይሏታል። ከባድ ነገር ሲናገሩ አውራ ጣታቸውን በሌባ ጣታቸው ላይ ቀስ አድርገው ያሹ ነበር፣ የማናየውን እንቁላል እየዳሰሱ ይመስል። ያን ጊዜ ዝም ብሎ ማዳመጥ ነው።

የደወሉን ነገር ሳልናገር አላልፍም። የትምህርት ቤታችን ደወል አሮጌ የመኪና ቸርኬ ነበር፤ የተሰቀለው ደግሞ ከዶሮዎቹ ቤት አጠገብ ባለ ዛፍ ላይ ነው። አንድ ቀን የመምህራን ስብሰባ ላይ ሁሉም ስለ ደሞዝና ስለ ክፍለ ጊዜ ይጨቃጨቃል፤ ጋሽ ነጂብ ከኪሳቸው ሁለት እንቁላል አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። አንደኛው ቡናማ፣ ደስ የሚል ነው። ሌላው ኖራ የተረጨበት ይመስል ነጫጭ ብናኝ ለብሷል።

«ይሄ ቅዳሜ የተጣለ ነው» አሉ፣ ደህናውን እያሳዩ። «ይሄ ደግሞ ማክሰኞ። ማክሰኞ ይደወላል። ዶሮ ስትደነግጥ እንቁላሏን አልለቅም ብላ ይዛ ትቆያለች፤ ውስጥ ሲቆይ ደግሞ ላዩ እንዲህ ይበላሻል።»

ርዕሰ መምህሩ ሳቃቸውን አፍነው፣ «ጋሽ ነጂብ፣ ደወል የሚደወለው ለተማሪ ነው ወይስ ለዶሮ?» አሏቸው።

«ለተማሪ ነው። የምትደነግጠው ግን ዶሮዋ ናት። ተማሪው መች ደንግጦ ያውቃል!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ደወሉም ተነሣ። የተነሣው ግን ወደኔ ክፍል መስኮት ነው፤ እስክዛወር ድረስ ጆሮዬ ሥር ሲጮኽ ኖረ። ሄጄ ብቆጣቸው፣ አንገታቸውን ሰበቅ አድርገው አዩኝና «አስኒ፣ አንቺ እኮ እንቁላል አትጥይም» አሉኝ። ወደ ክፍሌ ስመለስ፣ እየተናደድኩ መሆኔና እየሳቅሁ መሆኔ ተደበላልቆብኝ ነበር።

ስለ እንቁላል ቅርፊት የላይኛው ሽፋን ሲያወሩ፣ እውነቱን ለመናገር ብዙም አላዳምጣቸውም ነበር። ሰው ስለ ልጁ ሲያወራ እንደሚደረገው፣ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ የተማሪ ድርሰት አርማለሁ። አንድ ጊዜ ሲያቻኩሉኝ «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብላቸው፣ «ይሄዳል። መንገድ ከመውጣቱ በፊት ግን ይልበስ» አሉኝ። ምን ማለታቸው እንደሆነ የገባኝ በፈጡማ ቤት ነው።

ፈጡማ የሰርቦ ልጅ ናት፣ በዕድሜ የእኔ እኩያ፣ ባሏ የሞተባት። ቡና በሚደርስበት ወራት እሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ትሠራ ነበር፤ ከጣቢያው ሴቶች ሁሉ እጇ የተመሰገነ ነው። እሷ ያሸችው ቡና ላይ የሚያዳልጥ ነገር ጨርሶ አይቀርም ይባላል። እንደኔ የጅማ ልጅ ላልሆነ ሰው ይሄ ምን ያህል ክብር እንደሆነ ላስረዳ። ቡናችን ሁለት ዓይነት ነው። ከነልጣጩ ፀሐይ ላይ የሚደርቀውን ጀንፈል እንለዋለን። ሌላው ቀዩ እሸት ተፈልፍሎ፣ በውሃ ታሽቶ፣ በሽቦ አልጋ ላይ የሚሰጣው የታጠበ ቡና ነው። ከሊሙ ገነት እስከ ሸቤ፣ ልጅ አዋቂው ሲነገረው ያደገው አንድ ነገር ነው፤ የታጠበው ይበልጣል፣ የታጠበው ነው ባሕር የሚሻገረው። እዚህ አገር «ታጥቧል» ካልክ «ምርጥ ነው» ማለትህ ነው።

አንድ ፕሮጀክት ለሰርቦ ሴቶች ማኅበር የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን ሰጠ። ማሽኑ ቦታ ይፈልጋልና፣ ጓዳዋን የለቀቀችለት ፈጡማ ናት። ሴቶቹ እንቁላል ከየቤታቸው ያመጣሉ፣ እሷ ተቀብላ ትደረድራለች፣ ትጠብቃለች፤ ጫጩቶቹን ይከፋፈላሉ። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው በሯን የሚያንኳኳበት ምክንያት ያ ማሽን ብቻ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

የመጀመሪያው ዙር ምንም ሳይፈለፈል ቀረ። መብራት ስለጠፋ ነው ተባለ፤ እውነትም ጠፍቶ ነበር። ሁለተኛው ዙርም እንዲሁ ሆነ። አውራ ዶሮዎቹ አርጅተው ነው ተባለ። ሦስተኛው ሲበላሽ ግን የሚወቀስ መብራትም ዶሮም ታጣ። ያን ጊዜ አዴ ሸምሲያ፣ የማኅበሩ አንደበተ ርቱዕ፣ ሁሉም በሆዱ ያሰበውን በአፏ አወጣችው።

«እጅ ነው። የሷ እጅ አይባርክም። በባሏስ የደረሰውን አላያችሁም?»

በኛ አገር እንቁላል የሚያስቀምጥ እጅ ይመረጣል። እጇ የሚቀናት ሴት ከሰፈር ሰፈር ትጠራለች፤ እጇ ያልቀናት ደግሞ ዶሮ ስትታቀፍ በዚያ በኩል እንዳታልፍ ይደረጋል። እና አንዴ ስሙ ከተለጠፈ በዶሮ አይቆምም። አራስ ልትጠይቅ ስትሄድ ሕፃኑን ይሸፍኑባታል። ለሠርግ ሊጥ ልታቦካ እጅጌዋን ስትሰበስብ «አንቺ ዕረፊ» ይሏታል። ፈጡማ ላይ ይሄ ሁሉ ጀምሮ ነበር። በዚያ ላይ የፕሮጀክቱ ሰው፣ የሚቀጥለው ዙር ካልተሳካ ማሽኑን ለሸቤ ሴቶች እንደሚወስደው ተናግሯል።

ትምህርት ቤት ድረስ መጥታ ጋሽ ነጂብን የለመነቻቸው እኔ ባለሁበት ነው። እጆቿን ነጠላዋ ሥር ደብቃ ነበር የምታወራው። «አባ፣ ማሽኑን ይውሰዱት፣ ግዴለም። ብቻ እጄ መሆኑን አለመሆኑን ንገሩኝ። ወላሂ ሌሊት ሌሊት እጄን ነው የማየው።»

በማግስቱ ሄድን። እኔ የሄድኩት ለወሬ ነው፣ አልዋሽም። ማኅበርተኞቹም ተሰብስበው ጠበቁን። ጋሽ ነጂብ ማሽኑን ፈተሹ፣ ሙቀቱን አዩ፣ ደህና ነው። ከተበላሹት አንዱን ውጭ አውጥተው ሰበሩት፤ ሽታው እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሰው አስሮጠ። ስለ አውራ ዶሮዎቹም ጠየቁ። እንደ ሰዉ ሁሉ መብራቱን ወቀሱ፣ ከዚያ ውርጩን ወቀሱ። ተስፋ ቆርጠው ሊወጡ ሲሉ፣ ለአራተኛው ዙር የተዘጋጁት እንቁላሎች ጥግ ላይ ተሸፍነው አዩ። ጨርቁን ገለጡት።

እንቁላሎቹ ያበራሉ። እንደ ዒድ ዋዜማ ሲኒ ያበራሉ።

«እነዚህን ማን አሳመራቸው?» አሉ።

ፈጡማ ከመጣን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «እኔው ነኝ፣ አባ። እንደ ቡናው ነው የማጥባቸው። ሌሊት እዘፈዝፋለሁ፣ ጠዋት በገለባ አሻለሁ፣ እንደገና በንጹሕ ውሃ አለቀልቃለሁ። የመጀመሪያው ዙር እንደነገሩ ነበር ያጠብኩት፤ ሲበላሽ ጊዜ ሁለተኛውን ጠበቅ አደረግሁ። አሁን ደግሞ እዩት፣ አንድ እድፍ የለባቸውም።»

ጋሽ ነጂብ አውራ ጣታቸውን በሌባ ጣታቸው ላይ ማሸት ጀመሩ። እኔ ከዚያ ሁሉ ዓመት «እሺ፣ እሺ» መካከል አንድ ሁለት ነገር ጆሮዬ ውስጥ ቀርቶ ኖሮ፣ ነገሩ በራልኝ። «ታዲያ ማጠቡ አይደለም ወይ...» ብዬ ስጀምር ጫማዬን በጫማቸው ረገጡኝ። ቀላል አረጋገጥ አልነበረም።

«ይሄን ዙር አታስገቡት፣ ለምግብ ይሁን» አሉ ለሴቶቹ። «ሐሙስ ጠዋት ሁላችሁም እዚሁ ኑ። ማንም እንዳይቀር። እስከዚያ ማንም ምንም እንዳያጥብ።»

መንገድ ላይ እያነከስኩ ተጨቃጨቅኋቸው። ለምን አልነገሯትም? ይቺ ሴት እኮ እንቅልፍ አጥታለች።

«ብነግራትስ?» አሉ። «‹አንቺ ነሽ ያበላሸሽው፣ ሦስቱንም ዙር አንቺ ነሽ የገደልሽው› ልበላት? በነዚያ ሁሉ ሴቶች ፊት? እውነት ነው። ግን ሸምሲያ እውነቱን ይዛ ምን እንደምትል ታውቂያለሽ፤ ‹አላልኳችሁም? እጇ ነው› ነው የምትለው። ያኔ ማን ያነጻታል? አንቺ ነሽ? እኔ ነኝ?»

እውነታቸውን ነው። እግሬ ግን ያመኝ ነበር፣ እሱንም ነገርኳቸው።

ሐሙስ ዕለት ባለሰዓቷን በቅርጫት አቅፈው መጡ። የፈጡማ ግቢ ሴት በሴት ሆኗል። ደረቅ የቡና ገለባ አስነጥፈው ዶሮዋን አስቀመጧት፣ ፈጡማን ደግሞ ከኋላዋ።

«እጅሽን ዘርጊ» አሏት። «ከሥሯ።»

ፈጡማ እጇን ከነጠላዋ አላወጣችም። «አባ፣ የኔን እጅ? ሌላ ሰው ይሁን።»

«ያንቺን ነው ያልኩሽ።»

አወጣችው። ቢስሚላህ ብላ ከዶሮዋ ሥር ዘረጋችው። ጋሽ ነጂብ ጣታቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሁሉንም ዝም አሰኙ፤ «አትንጫጩባት፣ ትይዝብናለች።» አዴ ሸምሲያ እንኳ ዝም አለች፣ ይሄ ራሱ ሌላ ተአምር ነው። ጠበቅን። ፀሐዩ ግድግዳው ላይ ወረደ። አንዷ አስነጠሳት፣ ሁላችን በዓይን በላናት። ባለሰዓቷ ያን ቀን ሰዓቷን አዛነፈች፤ ጋሽ ነጂብ ግንባራቸውን በቆባቸው ይጠርጋሉ። እኔ በሆዴ «ይቺ ዶሮ ዛሬ ጉድ ልትሠራቸው ነው» እላለሁ።

ከዚያ ተነሣች። ጀርባዋን ሰብሰብ፣ ክንፏን ለቀቅ አደረገች። እንቁላሉ የፈጡማ መዳፍ ላይ ወረደ።

«ያ ረቢ!» አለች። «እርጥብ ነው! ይሞቃል!»

«እንዳትጠርጊው። እንዳትነኪው። ዝም ብለሽ እዪው። እናንተም ኑ፣ ቅረቡ፣ እዩ።»

ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጋጭተን አየን። እንቁላሉ ላይ ስስ፣ የሚያብለጨልጭ እርጥበት አለ። ዓይናችን እያየ ከአንዱ ጫፍ መድረቅ ጀመረ፤ ብልጭታው ወደኋላ እየሸሸ፣ እየሸሸ፣ ጠዋት ቅጠል ላይ ያለ ጤዛ እንደሚያልቀው አለቀ። ፈዘዝ ያለ፣ ለስላሳ፣ ደረቅ እንቁላል ሆነ። አንድ ሻይ ፉት እስኪሉ ድረስ እንኳ አልፈጀም። ዕድሜ ልኬን እንቁላል በልቻለሁ፤ ይሄን አይቼ አላውቅም ነበር። ግቢው ውስጥ ካለነው ሴቶችም አይቻለሁ ያለ አልነበረም።

«የት ሄደ?» አለች ፈጡማ።

«የትም አልሄደም፣ ለበሰው» አሉ ጋሽ ነጂብ። «ይቺ ዶሮ ስትሠራ ነው ያደረችው። ኖራውን ደረበች፣ ደረበች፣ ቅርፊት አደረገችው። ቀለሙን ቀባችው። ሊወጣ ሲል፣ ሥራዋ ሁሉ ካለቀ በኋላ፣ ይቺን ያያችኋትን እርጥብ ነገር አለበሰችው። ቅርፊቱ ላይ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ፤ ጫጩቱ የሚተነፍሰው በነሱ ነው። ይሄ ልብስ ሲደርቅ የቀዳዳዎቹን አፍ ይከድናል። ትንፋሽ ያሳልፋል፣ ተውሳክ አያሳልፍም። እናት ልጇን ራቁቱን ከቤት አታወጣም፣ እናንተ ታወጣላችሁ?»

«ቢታጠብስ?» አለች አንዷ ከኋላ፣ ድምጿ ቀነስ ብሎ።

«ልብሱ ወለቀ። በሩ ሁሉ ተከፈተ። ደግሞ ሞቃቱን እንቁላል ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ውስጡ ይኮማተራል፣ ውሃውን ከነእድፉ ይስባል። ከዚያ ማሽኑ ሲያሞቀው፣ ጫጩቱ ሳይሆን ተውሳኩ ይፈለፈላል።»

ፈጡማ እንቁላሉን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ፊቷ ላይ ምን እየመጣ እንደሆነ አየሁ። ጋሽ ነጂብ ግን አልጠበቋትም። ወደ ሴቶቹ ዞረው ዓይናቸውን በየተራ ጣሉባቸው።

«አሁን አላህን ፈርታችሁ ንገሩኝ። ከቤታችሁ ወደዚህ ስታመጡ ያላጠባችሁ ማን ናችሁ?»

እርስ በርስ ተያዩ። ከዚያ አንዷ፣ «እኔ ወልወል ብቻ ነው የማደርገው» አለች። ሌላዋ፣ «እኔማ አጥባለሁ፣ ቆሻሻ እንዴት ለማኅበር ይመጣል፣ ነውር አይደል?» አለች። «እኔም።» «እኔም።» ሁሉም ወደ አዴ ሸምሲያ ዞሩ። አዴ ሸምሲያ ሻሿን አስተካከለች፣ ሰማይ አየች፣ መሬት አየች።

«እኔ በዱቄት ሳሙና ነው የማጥበው» አለች።

እንደዚያን ቀን የሳቅኩበትን ጊዜ አላስታውስም። ሴቶቹ እርስ በርስ እየተደጋገፉ ሳቁ፣ አዴ ሸምሲያም ሳቀች፣ ፈጡማም እየሳቀች አለቀሰች። የማን እጅ እንደሆነ ማንም ድጋሚ አልጠየቀም፤ የሁላቸውም እጅ ነበራ! ጋሽ ነጂብ ሳቁ እስኪበርድ ጠብቀው፣ «ቡና የሚታጠበው ሊጠጣ ነው። ይሄ ሊወለድ ነው» አሉ። «ቆሻሻ ከጠላችሁ ጎጆዋን አጽዱላት፤ ገለባውን ቀይሩላት። ልጇን አትግፈፏት።»

በአራተኛው ዙር የባለሰዓቷ እንቁላል በከሰል ምልክት ተደርጎበት ገባ። ቀኑ ሲደርስ ፈጡማ ጓዳ መግባት አቃታት። ውጭ ቁጭ ብላ የታጠበ ሳህን መልሳ ታጥባለች። ሮጣ የወጣችው አዴ ሸምሲያ ናት። «ፈጡማ! ኮቱ፣ ነይ! ይንጫጫሉ!» ሁሉም አልተፈለፈሉም፤ ሁሉም መች ይፈለፈላል። ግን ጓዳው በጫጩት ጩኸት ተሞላ፣ ከሰል ያለበትም ዘግይቶ፣ ተስፋ ከቆረጥንለት በኋላ፣ ቀዳዳ አበጅቶ አፉን አወጣ። የፕሮጀክቱ ሰው መኪናውን ባዶውን ይዞ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነገር ጋሽ ነጂብን አናደዳቸው። ሰርቦ ውስጥ ስሙ ተገለበጠ፤ ፈጡማ «እጇ የተባረከ» ተባለች። ዶሮ የታቀፈችበት ቤት ሁሉ «ፈጡማ ታስቀምጥልን» ይላል። ጋሽ ነጂብ መምህራን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ እየደበደቡ «እጅ አይደለም፣ ልብስ ነው አልኳቸው እኮ! ዓይናቸው እያየ!» ይሉ ነበር።

«ታዲያ ሄደው ይንገሯቸው» አልኳቸው።

አውራ ጣታቸውን አሹ፣ አሰቡ። «ተይው» አሉ በመጨረሻ። «ሲሰድቧት ማስረጃ አልጠየቁም፤ ሲያመሰግኗት እኔ ለምን ማስረጃ እጠይቃለሁ?»

ጡረታ ሲወጡ ጅማ ገቡ። እኔም ከዚያ በፊት ተዛውሬ ነበርና ቤታቸው ደጅ ላይ ስንት እሑድ አብረን ተቀምጠናል። ባለቤታቸው ቀድመው ሞተዋል፣ ሰሚራ አዲስ አበባ ትሠራለች፤ የቀሩት ጥቂት ዶሮዎች ናቸው። በኋላ በኋላ እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር። አንድ እሑድ ያረጀች ዶሮ የጣለችውን እንቁላል ወደ ብርሃን አንስተው እያገላበጡ፣ «ስታረጅ ይሄ ልብስ ይሳሳል፣ አስኒ» አሉኝ። «ቅርፊቱም ይሳሳል። ግን እዪው፣ አሁንም ሳታለብሰው አታወጣውም። ያላትን ነው የምታለብሰው።» እኔ ስለ ዶሮዋ እያወሩ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ስለ ዶሮዋ ብቻ አልነበረም፤ ያን ቀን ስሄድ ካፖርታቸውን አውልቀው፣ ብርድ ነው ብለው፣ ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገውልኛል። እስካሁን እኔ ጋ ነው። ላባ ነበረበት፣ አላነሣሁትም።

በቀብራቸው ማግስት ለቅሶ ቤት ነበርን። ሴቱ ውስጥ፣ ወንዱ ድንኳን ሥር። ከሰርቦ ፈጡማ መጣች። አርጅታለች፤ እኔም አርጅቻለሁ። ሰሚራን አቅፋ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን፣ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ልጄ» አለችና፣ ከነጠላዋ ሥር በቡና ገለባ የተሞላ ትንሽ ቅርጫት አውጥታ አስቀመጠች። ገለባው ውስጥ እንቁላል ነው። ሰሚራ ምግብ የመጣ መስሏት አመስግና ይዛው ጓዳ ገባች። የቧንቧው ድምፅ ተሰማኝ። ሁለታችንም፣ እኔና ፈጡማ፣ በአንድ ላይ ብድግ አልን፤ በዚህ ጉልበታችን መነሣታችን ራሱ ይገርማል።

«ተዪ ልጄ! አታጥቢው!»

ሰሚራ እጇ ላይ ገለባ የተጣበቀበት እንቁላል ይዛ፣ ውሃው እየፈሰሰ፣ ግራ ተጋብታ አየችን። ቧንቧውን ዘጋሁት።

«ለመብል አይደለም» አለች ፈጡማ። «አባትሽ ናቸው ባለፈው ሳምንት የደወሉልኝ። ‹ዶሮዬ ባዶ ጎጆ ታቅፋ ተቀምጣለች፣ አውራ ዶሮ የለኝም፣ ከሰርቦ አምጪልኝ› አሉኝ። ዛሬ ነገ ስል... አደራ ነው፣ ይዤ መጣሁ።»

ሰሚራ እንቁላሉን ቀስ ብላ ቅርጫቱ ውስጥ መለሰችው። ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች፣ ከዚያ ገለጠችው።

«አዴ ፈጡማ እርስዎ ነዎት?» አለች። «አባዬ በስልክ ነግሮኛል። ‹አንድ ነገር ብሆን ዶሮዋን አደራ› አለኝ። ‹የሰርቦዋ ፈጡማ እንቁላል ይዛ ትመጣለች። አንቺ አትንኪ፣ እሷ ታስቀምጠው። እጇ የተባረከ ነው› አለኝ።»

ፈጡማ ወደኔ ዞረች። «እሳቸው ናቸው ያሉት? እጇ አሉ? እሳቸው ራሳቸው?»

«እሱ ራሱ» አለች ሰሚራ።

ለእኔ ግን መምህራን ክፍል ውስጥ ጠረጴዛ ሲደበድቡ ነው የታየኝ።

ሦስታችንም ወደ ጓሮ ወጣን። ከድንኳኑ የቁርአን ድምፅ ይመጣል። ዶሮዋ ጥጓ ላይ ባዶዋን ታቅፋ ተቀምጣለች፣ ስታየን ላባዋን ነፋች። ፈጡማ ተንበረከከች። አንድ ጊዜ ነጠላዋ ሥር ደብቃው የነበረውን እጅ ቢስሚላህ ብላ ዘረጋች፣ እንቁላሎቹን አንድ በአንድ፣ ከነገለባቸው፣ ከነእድፋቸው፣ ከዶሮዋ ሥር አስገባች። ዶሮዋ አልነቆረቻትም። ከፍ ብላ ቦታ ለቀቀችላት።